ከአልኮል ሱስ ለሚያገግሙ ሕሙማን የመረዳጃ ቡድን ማፈላለግ፦ የጤና ባለሙያው ድርሻ

በአልኮል ሱስ ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ሲወጣ በሚሰጠው ማጠቃለያ ወረቀት ላይ «መጠጥ እንዲያቆም ተመክሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ይህንን ከሐኪሙ ከመስማቱ አስቀድሞ ሚስቱም፣ የነፍስ አባቱም፣ አለቃውም ደጋግመው ነግረውታል፤ ራሱም ብዙ ጊዜ ምሎ ተገዝቷል። እርሱ የማያውቀው ከሆስፒታሉ በር ከወጣ በኋላ የመጀመሪያውን ምሽት እንዴት እንደሚያሳልፈው ነው። የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደነዚያው ወዳጆች፣ ከቤቱ ሁለት ሦስት በር አልፎ ወዳለው ጠላ ቤት ነውና።

መጠጥ ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም ማከም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት የማይበልጥ ሥራ ነው። ሱሱ ግን እንደ ስኳር በሽታና እንደ ደም ግፊት ለዓመታት ክትትል የሚጠይቅ፣ ተሻለ ሲባል የሚያገረሽ ሕመም ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ቀጠሮና መድኃኒት ይሰጠዋል፤ የአልኮል ሱስ ያለበት ሰው ግን በምክር ይሸኛል። ይህንን ክፍተት ለመሙላት በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ፣ በሕመሙ ውስጥ ያለፉ ሰዎች በየጊዜው እየተገናኙ የሚደጋገፉበት የመረዳጃ ቡድን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ክፍተትን ለማጥበብ ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች በአካባቢያቸው የሚገኙ እንዲህ ያሉ ቡድኖችን እንዲያውቁ፣ ሕሙማን እንዲሳተፉ እንዲያበረታቱ፣ ተሳትፏቸው ያመጣውን ውጤትም እንዲከታተሉ ያሳስባል። ከሦስቱ ተግባራት መካከል በብዛት የሚፈጸመው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነው።

የቡድኖቹ አመጣጥና አሠራር

ከእነዚህ ቡድኖች በስፋት የሚታወቀው «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የሚባለው፣ ትርጉሙም ማንነታቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማለት የሆነው ኅብረት ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ለንግድ ጉዳይ ወደ አክሮን ሄዶ ሥራው ሳይሳካለት ይቀራል። ባረፈበት ሆቴል የመጠጥ ፍላጎቱ ሲበረታበት ወደ መጠጥ ክፍሉ ከመግባት ይልቅ ስልክ አንሥቶ እንደ እርሱ ያለ ጠጪ የሚያገናኘው ሰው መፈለግ ጀመረ። ያገናኙት ቦብ ስሚዝ ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር ነበር። የስሚዝ ሐኪምነት ከሱሱ አላዳነውም፤ ስለ አልኮል ጉዳት ከዊልሰን የሚማረው አዲስ ነገርም አልነበረም። ልዩ የሆነበት የሚያነጋግረው ሰው ሕመሙን በራሱ ላይ የሚያውቀው መሆኑ ነበር። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ሰኔ ወር 1935 የኅብረቱ ልደት ሆኖ ይታሰባል።

የኅብረቱ አሠራር ከዚህ ገጠመኝ የተቀዳ ነው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ክፍያ የለም፤ ወጪው የሚሸፈነው አባላት በፈቃዳቸው በሚያዋጡት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ እርዳታም አይቀበልም። ስብሰባው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ተሰብሳቢው ተራ በተራ የራሱን ታሪክ ይናገራል፤ ለመናገር ያልፈለገም ዝም ብሎ ሊያዳምጥ ይችላል። ስብሰባዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አንደኛው ለሱሰኞች ብቻ የተወሰነ «ዝግ» ስብሰባ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቤተሰብ፣ ተማሪ ወይም ሐኪም ሊገኝበት የሚችል «ክፍት» ስብሰባ ነው። ጤና ባለሙያ ይህንን ልዩነት ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ስለማያውቀው ነገር ከመምከር ራሱ አንድ ክፍት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ማየት ይችላልና።

አዲስ ገቢውን ቀድሞ ያገገመ አንድ አባል በቅርብ ይደግፈዋል። ይህ ሰው በእንግሊዝኛው አጠራር «ስፖንሰር» ይባላል። ቃሉ በአገራችን ገንዘብ የሚከፍል ሰው ማለት ስለሆነ ሕመምተኛው የገንዘብ ድጋፍ እንዳይጠብቅ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሌላው ተደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። የኅብረቱ 12 ደረጃዎች ስለ ፈጣሪ ቢናገሩም የእምነቱን ዓይነት ለእያንዳንዱ ሰው ይተዉታል። ይህ የማይስማማቸው ሰዎች በሌላ አካሄድ የሚሠሩ ቡድኖችን ይመርጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመውና በሥነ ልቦና ዘዴዎች ላይ የተመሠረተው «ስማርት ሪከቨሪ» ለዚህ ይጠቀሳል። ለቤተሰብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው «አል አኖን» አለ። ጠጪው አልሄድም ቢል እንኳ ሚስት ወይም እናት ለብቻዋ ልትረዳ እንደምትችል ብዙ ባለሙያ አያስታውስም።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ የቡድኖቹን ውጤታማነት በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በ2020 የታተመው አዲሱ ግምገማ ግን 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን መርምሮ የተለየ መደምደሚያ ላይ ደርሷል። ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ እንዲገቡ በዘዴ ከታገዙት መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ የታቀቡት 42 በመቶ ሲሆኑ፣ ሌሎች ታዋቂ የሥነ ልቦና ሕክምናዎችን ካገኙት ግን 35 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ በሁለቱም ወገን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልተሳካላቸውም። ጥናቶቹም በአብዛኛው በአሜሪካ የተካሄዱ ናቸው። ሆኖም ለሠለጠነ ባለሙያ ብዙ ወጪ ከሚጠይቅ ሕክምና ጋር የሚወዳደር ውጤት ያለ ክፍያ ከሚገኝ ስብሰባ መገኘቱ፣ የባለሙያ እጥረት ላለበት አገር ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ግምገማ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። ጥሩ ውጤት የተገኘው ሕሙማን በራሳቸው ጊዜ ወደ ቡድኑ ስለሄዱ ሳይሆን ባለሙያዎች በተዘጋጀ መመሪያ እየታገዙ ስላገናኟቸው ነው። ስም መንገርና ማገናኘት የተለያዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት አጉልቶ ያሳያል። 20 ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። ለመጀመሪያዎቹ ስብሰባው የት እና መቼ እንደሚካሄድ ተነግሯቸው እንዲሄዱ ተመከሩ። ለሁለተኛዎቹ ግን አማካሪው እነርሱ ባሉበት ለአንድ የቡድኑ አባል ስልክ ደወለ፤ አባሉም ከሕመምተኛው ጋር ተነጋግሮ አብረው እንደሚሄዱ ቀጠሮ ያዘ፤ ስብሰባው ሲደርስም ደውሎ አስታወሰ። ከሁለተኛው ቡድን ሁሉም ሲሄዱ ከመጀመሪያው አንድም ሰው አልሄደም። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ቢሆንም ውጤቱ በየዕለቱ በሥራ ላይ ከሚታየው ጋር የሚስማማ ነው፤ በኪስ ውስጥ የገባች የአድራሻ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከኪስ አትወጣም።

ከማገናኘት በፊት ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ቡድን ሕክምናን አይተካም። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በስብሰባው ልቡ ተነክቶ በዚያው ምሽት መጠጡን ቢያቋርጥ ለከፍተኛ አደጋ ሊጋለጥ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፤ የሚጥል በሽታን የመሰለው መንፈራገጥ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ይከሰታል፤ ዴሊሪየም ትሬመንስ ደግሞ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ሊመጣ ይችላል። በመሆኑም በዓለም ጤና ድርጅት ባለ 10 ጥያቄ የአልኮል አጠቃቀም መመዘኛ 20 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘ፣ በተለይም ቀደም ሲል ሲያቋርጥ ተንፈራግጦ ወይም ተቃዥቶ የሚያውቅ ሰው፣ በቅድሚያ በዳያዜፓምና በታያሚን ተገቢው ሕክምና ሊደረግለት ይገባል። ታያሚኑ ከግሉኮስ በፊት መሰጠት እንዳለበት ማስታወስ አይከፋም።

ይህ ጥንቃቄ ወደ ጸበል ለሚሄዱ ሕሙማንም ያስፈልጋል። ብዙዎች ከመጠጥ ለመላቀቅ ቆርጠው የሚነሡት ሱባኤ ሲገቡ ወይም ሰባት ቀን ሊጠመቁ ሲሄዱ ነው። ውሳኔው የሚከበር ነው፤ በጸበል ቦታ ያለው የእርስ በርስ መተሳሰብም ራሱ አንድ ዓይነት መረዳጃ ነው። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን የሚታየው መቃዠትና መንቀጥቀጥ የመንፈስ ሥራ ተደርጎ ከተወሰደ ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል። ሕመምተኛው ሊሄድ መሆኑን የሰማ ባለሙያ ከመከልከል ይልቅ ጉዞውን ለአንድ ሳምንት አዘግይቶ መጀመሪያ ቢታከም የተሻለ መሆኑን ቢያስረዳ፣ ከጸበል ቦታው አገልጋዮች ጋር ቢተዋወቅም ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

በአካባቢ የሚገኝ ቡድን እንዴት ይፈለጋል?

በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ጥቂት ናቸው፤ በተፈጥሯቸውም ራሳቸውን ስለማያስተዋውቁ ካልተፈለጉ አይገኙም። በአዲስ አበባና በአቅራቢያዋ ለሚሠራ ባለሙያ ቀዳሚው መንገድ የአማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታልንና በሌሎች ሆስፒታሎች ያሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን መጠየቅ ነው። በጅማ፣ በጎንደርና በመሳሰሉት ከተሞች ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ያሉት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ተመሳሳይ መረጃ ሊኖራቸው ይችላል። የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ዓለም አቀፍ ድረ ገጽም በየአገሩ የሚገኙ አድራሻዎችን ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎች በዝተዋል፤ እንግሊዝኛ ለሚያውቅና ጥሩ ግንኙነት ላለው ሰው ይጠቅማሉ። ከሁሉም ይልቅ ግን ጥሩ የመረጃ ምንጭ የሚሆነው ለዓመታት ከመጠጥ ርቆ የቆየ የቀድሞ ሕመምተኛ ነው። ውጭ አገር ሳለ እንዲህ ባለው ስብሰባ የተካፈለ ተመላሽ በአካባቢው ካለ፣ እርሱም ታላቅ ሀብት ነው።

ቡድን ተገኘ ማለት ሕመምተኛ ወዲያው ይላካል ማለት አይደለም። ባለሙያው አስቀድሞ ሄዶ ሊያየው ይገባል። አዲስ ሰው ሲገባ የሚነሣለት አለ? የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? አንድ ሰው ብቻ ሲናገር የሚዋልበት ቡድን ስብከት እንጂ መረዳጃ አይሆንም። ከሁሉ በላይ መድኃኒትን በተመለከተ የሚባለው በጥሞና ሊደመጥ ይገባል። የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው «እውነተኛ ንጽሕና ያለ መድኃኒት ነው» የሚል ቡድን አደገኛ ነው፤ ሌላው ሁሉ መልካም ቢሆን እንኳ ሕመምተኛ ሊላክበት አይገባም። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ዕቃ የሚሸጥ ወይም በስብሰባ የተሰማን ታሪክ በመንደር የሚያወራም እንደዚሁ ነው።

ሴቶችን በሚመለከት የተለየ ጥያቄ ይነሣል። በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከወንዶቹ 25.8 በመቶ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 2.4 በመቶ የአልኮል አጠቃቀም ችግር ነበረባቸው። የችግሩ መጠን ከፍ ካለባቸው ሰዎች መካከል 87 በመቶ የሚሆኑት እርዳታ ፈልገው አያውቁም ነበር። የሴቶቹ ቁጥር ማነሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠጣ ወንድ በአደባባይ ሲታይ የምትጠጣ ሴት ግን ጓዳ ውስጥ መቅረቷንም መርሳት አይገባም። ጠላና አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት መጠጡን መቅመስ የሥራዋ አካል ነው። እርስዋን ወንዶች ብቻ በተቀመጡበት ክፍል፣ ምናልባትም ደንበኞቿ በሆኑ ሰዎች መካከል እንድትናገር መላክ መልካም አይሆንም። ሁለት ሦስት ሴቶችን ለብቻቸው ማገናኘት የተሻለ ነው፤ መተዳደሪያዋ ካልተቀየረ በቀር ግን ቡድኑ ብቻውን ሊያድናት እንደማይችል በግልጽ መታወቅ አለበት።

ቡድን በሌለበት አካባቢ

ከአዲስ አበባ ውጭ የሚሠራ ባለሙያ ከላይ የተባለውን ሁሉ አድርጎ ምንም ላያገኝ ይችላል። በአክሮን የተጀመረው ግን በሁለት ሰዎች ነበር። ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው መቅድም ኢትዮጵያና በ1998 የተቋቋመው ተስፋ ጎሕ ኢትዮጵያ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ያለ ሰዎች የመሠረቷቸው ማኅበራት ናቸው። መገለሉ እጅግ በበረታበት በዚያን ዘመን አንድ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ሰው የሰጠው ምስክርነት ብዙ ፖስተር ያልሠራውን ሥራ እንደሠራ የዘመኑ ባለሙያዎች ያስታውሳሉ። በየጤና ጣቢያው የነበሩት የእናቶች መደጋገፊያ ቡድኖችም ከዚያው ልምድ የመጡ ነበሩ።

ባለሙያው ሁለት ወይም ሦስት ፈቃደኛ ሕሙማንን አስፈቅዶ ሊያስተዋውቅ፣ ክፍል ሊሰጥና ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብሮ ሊቀመጥ ይችላል። ወንበሩን ይዞ ሰብሳቢ ከሆነ ግን ስብሰባው ወደ ጤና ትምህርት ይለወጣል፤ እርሱ የተዛወረ ዕለትም ቡድኑ ይፈርሳል። ደንቡ አጭር ቢሆን ይመረጣል፦ የተሰማው እዚያው ይቀራል፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ብቻ ይናገራል፤ ጠጥቶ የመጣ አይባረርም፣ የዚያን ዕለት ግን አይናገርም። ቡና መፈላቱ ጥሩ ነው፤ እጅንም ወሬንም ሥራ ያስይዛል። በትንሽ ከተማ ሁሉም ስለሚተዋወቅ በክፍሉ በር ላይ የአልኮል ሱሰኞች ስብሰባ የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ሰውን መበተን ነው። ስብሰባው የሚደረግበት ቀንም ሊታሰብበት ይገባል። ደመወዝ የሚከፈልበት ዕለትና የፋሲካ፣ የመስቀል፣ የገና ከሰዓት በኋላ ከሁሉ የከበዱ ሰዓታት ናቸው። በበዓል የሚዘጋ ቡድን በጣም በሚፈለግበት ቀን የተዘጋ ቡድን ነው።

በእንዲህ ያለው ስብሰባ ላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ አንድ አገርኛ ጉዳይ አለ። ለሰው መጠጊያ የሆኑት የራሳችን ተቋማት፣ ጽዋ ማኅበሩም፣ ሠርጉም፣ ተዝካሩም፣ ጠላ አያጡም። «በሞቴ» እየተባለ የሚቀርብ ብርጭቆን መመለስ ንቀት ይመስላል። ያገገመ ሰው የጽዋ ተራው ሲደርስ ደግሞ በገዛ ቤቱ ጠላ ሊጠመቅ ነው። በዚህ ጊዜ ከማኅበሩ ይውጣ ማለት ከመጠጥ የሚጠብቀውን የሰው ፍቅር ማሳጣት ይሆናል። ከዚህ ይልቅ ለማኅበሩ ሙሴ አስቀድሞ መንገር፣ ድግሱ በዘመድ ቤት እንዲዘጋጅ ማድረግ፣ ወይም በጠላ ፈንታ ብርዝ ማቅረብ ይቻላል። ብርዙ ግን የዕለቱ መሆን አለበት፤ ውሎ ያደረ ብርዝ ወደ ጠጅነት ይሄዳልና። ብርጭቆን በትሕትና የሚመልስ ቃል አስቀድሞ በቡድኑ ውስጥ ጮክ ብሎ መለማመድም ይረዳል። «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ቃል በአብዛኛው ይሠራል፤ ሐኪሙ ስሙን ለዚህ ቢያውስ የሚጎዳው ነገር የለም።

ክትትል

ከመጀመሪያው ስብሰባ በኋላ ባለው ቀን የሚደረግ አጭር የስልክ ጥሪ ከወር በኋላ ከሚሰጥ ረጅም ቀጠሮ ይበልጣል። ሕመምተኛው ቡድኑን ካልወደደው ሌላ መሞከር፣ ሌላ ከሌለም ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ እንዲሄድ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እንግድነት የማይሰማው ሰው የለም። ቢያገረሽበት ወደ ቡድኑ እንዲመለስ የሚነግረው ባለሙያው መሆን አለበት፤ እርሱ በኀፍረት ምክንያት ከሁለቱም ሊሸሽ ስለሚችል። በካርዱ ላይ የሌሎች አባላት ስም ሊጻፍ አይገባም።

በቀጠሮው ዕለት «ስብሰባው ሄዱ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሕመምተኛው ሐኪሙን ላለማሳፈር «አዎን» ማለቱ የታወቀ ነው። «ሲገቡ ማን ተቀበለዎት? ስሙን ሳይነግሩኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ያልሄደው ዝም ይላል፤ የሄደውም መተረክ ይጀምራል።